ከሥራ ልብሴ ጋር ቤት የገባው ነገር

ይድረስ ለተከበሩ እናቴ ለወይዘሮ ዘምዘም፤ ሐይቅ።

አሰላሙ ዐለይኩም እናቴ። ለጤናዎ እንደምን ከረሙ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? ለሱብሒ ሲነሱ አሁንም ግድግዳ ይዘው ነው ወይስ የላክሁት ቅባት ጠቀመዎት? ዓይንዎስ? አዝመራውስ እንዴት ያዘ? ጤፉን ዝናብ ሳይቀድማችሁ እንደሰበሰባችሁት ተስፋ አደርጋለሁ። እኔና ፈሂማ በእርስዎ ዱዓ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነን፤ ከናፍቆትዎ በቀር የጎደለብን የለም።

በየጁምዓው እየደወልኩ ደግሞ ደብዳቤ መጻፌ ሳይገርምዎ አይቀርም። እናንተ ቤት ስልክ ሲደወል ድምፁን ከፍ አድርጋችሁ መሀል ቤት ታስቀምጡታላችሁ፤ ጎረቤቱም፣ እንግዳውም፣ ወንፊት ልትዋስ የመጣችውም አብራ ታዳምጣለች። እኔ ዛሬ የምነግርዎ ደግሞ ለእናት እንኳ ሲነገር አንገት የሚያስደፋ ነገር ነው። ስለዚህ ሀጀር እህቴ፣ ይህን ለእማ ስታነቢላቸው መጀመሪያ በሩን ዝጊ።

አስቀድሜ ግን ምሥራቹን ልበልዎ። ፈሂማ ነፍሰ ጡር ናት፤ ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። እስካሁን ዝም ያልነው እንደ ባለፈው ደስታውን አብስረን መልሰን መርዶ እንዳናረዳችሁ ፈርተን ነው። ሐኪሟ «አሁን ለዘመድ ንገሩ» ስትለን ነው ብዕር ያነሳሁት። እልል እያሉ ከሆነ፣ እልልታው ሲያበቃ ቀሪውን ያድምጡኝ።

እንደሚያውቁት ከተጋባን ወዲህ ልጅ ሳንይዝ ዓመታት አለፉ። አንድ ጊዜ ይዛ በሦስተኛ ወሯ ጨነገፈባት፤ ከዚያ በኋላ ጭራሽ እምቢ አለ። ሰው ሁሉ ጣቱን የቀሰረው ወደ እሷ ነበር። እሷም ያልጠጣችው ሥር፣ ያልታጠነችው ቅጠል የለም። አጎቴ ሰይድ ለዒድ መጥቶ «ሙስአብ ዘር ሳይተካ ሊቀር ነው፤ ሌላ እናጋባው» ያለ ጊዜ እርስዎ የመለሱለትን ወንድሜ ሃይደር ነግሮኛል። «ፈሂማ ልጄ ናት፤ ልጅ ደግሞ አይፈታም» አሉት አሉ። እናቴ፣ ለዚያ ቃል እግርዎን ብስም አይበቃኝም። ለፈሂማ ስነግራት ፊቷን በሻሿ ሸፍና አለቀሰች፤ ከዚያ ውዱእ አድርጋ ለእርስዎ ዱዓ ያዘች።

ካቻምና ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ወዳለ አንድ ክሊኒክ ሄድን። የተቀበለችን ዶክተር ፊዮሪ ትባላለች፤ ገና ወጣት ናት፣ ቀስ ብላ ነው የምታወራው። የፈሂማን ምርመራዎች ሁሉ አይታ ስታበቃ ወደ እኔ ዞረችና «አንተስ ተመርምረህ ታውቃለህ?» አለችኝ። እንደተሰደበ ሰው ነው የተቆጣሁት። «እኔ ምንም የለብኝም» ብዬ ልነሳ ስል ፈሂማ ክንዴን ያዝ አድርጋ «እኔ ስንቴ ስመረመር አንድ ቀን እምቢ ብዬሃለሁ?» አለችኝ። ተመልሼ ቁጭ አልኩ።

ውጤቱ ሲመጣ ዘሬ ደካማ ሆኖ ተገኘ። ሐኪሟ እንዳላፍር ብላ ስለ ጉንፋን እንደምታወራ አድርጋ ነው የነገረችኝ። ቀጥላ ሥራዬን ጠየቀችኝ። ወሎ ሰፈር ጋራዥ ውስጥ የመኪና ባትሪ እንደምጠግን፣ አሮጌውን ፈትቼ እርሳሱን እሳት ላይ እያቀለጥኩ እንደማፈስ ነገርኳት። እናቴ፣ እርሳስ ስል ተማሪ የሚጽፍበት እንዳይመስልዎ፤ እንደ ድንጋይ የሚከብድ፣ እሳት ሲነካው ግን እንደ ቅቤ የሚቀልጥ ብረት ነው። ዶክተሯ ይህን እንደሰማች የሁለታችንንም ደም አስመረመረች። እርሳሱ በእኔም፣ በፈሂማም ደም ውስጥ ተገኘ። «እሷ እኮ ጋራዡን ረግጣው አታውቅም!» ብላት «ልብስህን የሚያጥብልህ ማን ነው?» አለችኝ። ዞሬ የፈሂማን እጆች አየሁ።

እንዳስረዳችን ጭሱና ብናኙ በትንፋሽ ይገባል፤ በእጅና በልብስም ተሸክመነው ወደ ቤት እንሄዳለን። የወንዱን ዘር ያዳክማል፤ የእናትየው ደም ውስጥ ሲገባ ደግሞ ጽንሱን ይጎዳል። የመጀመሪያውን ያጣነው በዚህ ምክንያት ነው ወይ ብዬ ጠየቅኋት። «ሊሆን ይችላል፤ እርግጡን ግን ማንም ሊነግርህ አይችልም» አለች። ስላልዋሸችኝ እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ። ዋናው መድኃኒት ከእሳቱ መራቅ ነው፣ ሰውነት ቀስ በቀስ ራሱን ያጠራል ብላ ሸኘችን።

ለባለ ጋራዡ ለጋሽ አረጋዊ ነገርኳቸው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ከአገር ቤት እንደመጣሁ ሙያ ያስያዙኝ እሳቸው ናቸው። ግን ሳቁብኝ። «እኔ ከዚህ እሳት አጠገብ አርጅቼ አምስት ልጅ አልወለድኩም? ሐኪም ምክንያት አያጣም» አሉኝ። ሥራውን ትቼ የት እገባለሁ? አንገቴን ደፍቼ ወደ እሳቱ ተመለስኩ። ማታ ይህን ለፈሂማ ነገርኳት።

በማግስቱ የሥራ ልብሴን በፌስታል ቋጥራ ጋራዡ ድረስ መጣች። ያቺ ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት የምታፍረው ፈሂማ! ሠራተኛው ሁሉ እያየ ፌስታሉን በጋሽ አረጋዊ ጠረጴዛ ላይ አኖረችው። «ጋሽ አረጋዊ፣ ይህን ልብስ ለዓመታት በእጄ አጥቤዋለሁ። አንድ ልጅም አጥቻለሁ። በዚህ ይሁን በሌላ አላህ ያውቃል። ከዛሬ ጀምሮ ግን ልብሱንም አላጥብም፣ ባሌንም ለዚያ እሳት አልሰጥም። ካልሆነልዎ ያሰናብቱት» አለቻቸው። ይህን ስትል ዓይኗን አልሰበረችም።

ጋሽ አረጋዊ ወንበር ሳቡና «ተቀመጪ ልጄ» አሏት። «አምስት ወለድኩ ስል የጨነገፉትን ቆጥሬ አላውቅም። ባለቤቴ በተደጋጋሚ ወርዶባታል። የእግዜር ቁጣ ነው ስንል ነው የኖርነው» አሉ። መዶሻ ይዞ የነበረው ሁሉ መዶሻውን አስቀመጠ።

ሳምንት ሳይሞላ እሳቱ ጠፋ። አሁን ያረጀ ባትሪ አንፈታም፤ እንዳለ ለሚረከቡን እናስረክባለን። እኔን ወደ መኪና ኤሌክትሪክ አዛወሩኝ። ሻወር አሠሩ፤ የሥራ ልብሳችንም እዚያው በማሽን ይታጠባል። ገላውን ሳይታጠብ ማንም ቤቱ አይሄድም። ሁላችንንም አስመረመሩን፤ እሳቸውም እጅጌያቸውን ሰብስበው ከእኛ ጋር ተሰለፉ።

ከዚያ በኋላ ያለው ትዕግሥት ብቻ ነበር። ደማችን ቶሎ አልጠራም፤ ፈሂማ ተስፋ ስትቆርጥ እኔ አጽናናታለሁ፣ እኔ ስቆርጥ እሷ ትስቅብኛለች። በኋላ ዶክተር ፊዮሪ «አሁን ይቻላል» አለችን። አንድ ጠዋት ፈሂማ ሽንኩርት እየከተፈች ሳለ ሽታው አስጠላኝ ብላ በሩጫ ወጣች። ተከትያት ወጣሁ፤ እሷ ግን «አፍህን ያዝ፣ ምንም እንዳትል» አለችኝ። ወራት አፋችንን ይዘን ቆየን። አሁንማ የግቢው ሴቶች ባልዲ አያስነኳትም፤ ዶክተሯም ልጁ ደህና እያደገ ነው ትላለች። አላህ የዋለልንን ውለታ ቆጥሬ አልጨርሰውም፤ ደግሞም በሐኪሟ፣ በአሠሪዬ፣ ከሁሉ በላይ በፈሂማ እጅ ነው የዋለልን።

እናቴ፣ እባክዎ ጥር ሲገባ ይምጡልን። ከደሴ የሚነሳው አውቶቡስ ላምበረት ያወርድዎታል፤ እኔ ከጠዋት ጀምሬ እዚያው ቆሜ እጠብቃለሁ። ፈሂማ «ልጁን ከእኔም ቀድመው እሳቸው ይቀፉልኝ» ብላለች።

ለእህቴ ለሀጀር፣ በሩን ዘግታ እስከዚህ ላነበበችው፣ ሰላምታዬ ይድረሳት። ለወንድሜ ለሃይደርም፤ ሀጀር፣ አሁን ግባ በይውና ምሥራቹን ንገሪው። ለጎረቤቶቻችን በያሉበት ሰላም በሉልኝ። ለአጎቴ ለሰይድም ከልብ የሆነ ሰላምታዬን አድርሱልኝ፤ ቅሬታ የለኝም። የእሱ ልጅ አብዱልጀባር ኮምቦልቻ ጋራዥ ውስጥ መኪና ቀለም እንደሚቀባ ሰምቻለሁ፤ ቀለሙም እርሳስ አያጣም፤ ልጁ ደግሞ ሙሽራ ነው። እናቴ፣ ይህን ከእኔ ይልቅ ከእርስዎ ቢሰማው ይሻላል፦ አፍንጫውን ይሸፍን፣ እዚያው ይታጠብ፣ የሥራ ልብሱንም ሙሽራዋ እጅ ላይ አያኑር።

ልጅዎ ሙስአብ
አዲስ አበባ፣ ገርጂ
ኅዳር 28 ቀን 2017 ዓ.ም.