ወደቀች፣ አልወደቀችም

ጥቅምት 5፣ ረቡዕ

ዛሬ አቦ ነው። ቅዳሴ አስቀድሼ በቀጥታ ወደ እድሩ ዕቃ ቤት ሄድኩ። ጉልበቴ እንደ ወትሮው ያመኛል። ክረምቱ ድንኳኑን አሻግቶታል። ጎትቼ አወጣሁና አጥሩ ላይ አሰጣሁት። ማን ያግዘኛል? ሁለቱ ሽማግሌዎች ደጃፉ ላይ ጦርነት ይዘዋል።

ዲንሳና ኢስማኢል። ዲንሳ ጡረታ የወጣ መካኒክ ነው፤ የእድሩ ጸሐፊም እሱ። ኢስማኢል ከዕቃ ቤቱ ጎን ሱቅ አለው። ድሮ ዳማ ይጫወቱ ነበር። አሁን የዳማው ሰሌዳ ካርታ ሆኗል። የቢራ ቆርኪ የሩሲያ ጦር፣ የለስላሳ ቆርኪ የዩክሬን። ዲንሳ ጠዋት ሬዲዮ የሰማውን ይዞ ይመጣና የቢራውን ቆርኪ አንድ ቤት ወደ ፊት ያስኬዳል። ኢስማኢል ልጁ ከስልክ ያነበበችለትን ይዞ ይመጣና ይመልሰዋል። መንገደኛው ቆሞ ይፈርዳል። ታክሲ የሚጠብቀው፣ ጫማ የሚያስጠርገው፣ ሁሉም ጄኔራል።

ዲንሳ በወጣትነቱ ኦዴሳ ተልኮ ተምሯል። ሩሲያ አስተማረችኝ፣ አበላችኝ ይላል። ኢስማኢል ዛሬም ነካካው። ኦዴሳ እኮ ዩክሬን ውስጥ ናት፣ ያበላህን ሰው ነው የምታስደበድበው አለው። ዲንሳ በኛ ጊዜ አንድ አገር ነበር አለ።

«በዚያን ጊዜ ፀጉርም ነበረህ» አለው ኢስማኢል።

ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

አንድ ነገር ይገርመኛል። የራሳችንን ጦርነት ግራ ቀኝ አይተን በሹክሹክታ ነው የምናወራው። የሰው አገሩን በጩኸት። የሚያስጠይቅ ስላልሆነ ይሆን?

ድንኳኑ አልደረቀም። ነገም ማስጣት ነው።

ጥቅምት 9፣ እሑድ

ኖላዊ ደወለ።

ልጄ ነው፣ ያለኝ እሱ ብቻ። እዚህ ካልጻፍኩት የት እጽፈዋለሁ? ሰፈሩ የሚያውቀው ሩሲያ ሄዶ መጋዘን ውስጥ እንደሚሠራ ነው። እስከ ሰኔ እኔም የማውቀው ያንኑ ነበር። ደላላውም ያለው ያንኑ ነበር። ከዚያ አንድ ወረቀት አምጥተው አስፈረሙት። ምን ይላል ወረቀቱ? ብለው፣ «በነሱ ፊደል ነው፣ እማዬ፣ አላወቅሁትም» አለኝ። አሁን ወታደር ነው።

ማንበብ የማይችለውን ፈረመ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰ ልጅ። እኔ ማታ ትምህርት ገብቼ ፊደል ልቁጠር ስለው «በዚህ ዕድሜ?» ብሎ የሳቀብኝ ልጅ። ከዚያ ወዲህ ስለ ትምህርቴ ትንፍሽ አላልኩለትም። እስከ ዛሬ ማንበብ የማልችል ነው የሚመስለው። ይምሰለው።

ይቆፍራል፣ ይሸከማል። ፖክሮቭስክ ከምትባል ከተማ አጠገብ ነው። ስሟን ሦስት ጊዜ ሰርዤ ጻፍኩት። ለማንም እንዳትነግሪ አለኝ። ለማን ልነግር? ብላ አልኩት። ዘጋ።

ጥቅምት 16፣ እሑድ

ደወለ። ሁለት ደቂቃ አልሞላም። በረዶ ጀምሯል አለ። ከነገ ጀምሮ ወደ ፊት እንሄዳለን አለ። ፊት የት ነው?

ወጥቼ የዲንሳን ሰሌዳ አየሁ። ፖክሮቭስክ ከግራ ሦስተኛው ቤት ናት።

ጥቅምት 23፣ እሑድ

አልደወለም።

ዛሬ ክርክሩ ሌላ መልክ ያዘ። ሰሀር፣ የኢስማኢል ልጅ፣ ከአፍሪካ ሄደው ለሩሲያ ስለሚዋጉ ሰዎች ከስልኳ አነበበችላቸው። ዲንሳ ጀግኖች ናቸው አለ። ኢስማኢል ሳቀበት። የማያውቀውን ሰው ቤት በጉልበት ሊሰብር በደመወዝ የሄደ ምን ጀግና አለው አለ። ከዚህ ሰፈር አንዱ እንዲያ ሆኖ ቢሞት እድሩ ድንኳን ሊተክልለት አይገባም አለ። ዲንሳ ደንቡን ጠቀሰ፤ ደንቡ የት ሞተ አይልም። ጮኹ። መንገደኛው ለሁለት ተከፈለ። በመጨረሻ ኢስማኢል ወደ እኔ ዞረ።

«እስቲ ቁልፉ አንቺ ጋ ነው፣ እትዬ ተሾመች። ትሰጪዋለሽ?»

«ድንኳን ለሞተው አይደለም» አልኩት። «ለሚያለቅስለት ነው።»

ጥሩ መልስ የሰጠሁ መሰላቸው። ወደ ዕቃ ቤት ገባሁና በሩን ዘጋሁ። ከድንኳኑ ካስማዎች ጎን ትንሽ ተቀመጥኩ።

ጥቅምት 30፣ እሑድ

አልደወለም።

ሥራ ስፈልግ የዕቃውን መዝገብ አውጥቼ አነበብኩ። የማውቀው መስመር ላይ ስደርስ ቆምኩ። «ሁለት ትልቅ ድስት በወይዘሮ ተሾመች እጅ ጠፍቷል።» የዲንሳ እጅ ጽሕፈት ነው። አሥራ ስምንት ዓመቱ። ያኔ ጉባኤው ፊት አቁሞ አነበበብኝ። መዝገቡን ወደ እኔ አዙሮ እነሆ ተመልከች አለኝ። ምኑን ልመልከት? ጉንዳን የሄደበት ነበር የሚመስለኝ። ሰው ሁሉ አየኝ።

ጎረቤቶቼ ዳዊት ለመድገም ብላ ተማረች ይላሉ። ለዳዊት አይደለም። ለዚያች መስመር ነው።

ድስቶቹስ የት እንደገቡ… ተዪው።

ኅዳር 7፣ እሑድ

ሦስት ሳምንት ሆነ።

ዛሬ ደፍሬ ዲንሳን ጠየቅሁት። ድንኳኑን እያጠፍኩ፣ እንደ ዋዛ። «ይሄ ፊት የሚሉት… ፊት የሚሄደው ማነው?» አልኩት። ደስ አለው። ለጦርነቱ ጆሮ የሰጠሁት መሰለው። ቆርኪዎቹን ደርድሮ አስረዳኝ። መጀመሪያ የሚሄደው ቢሞት ጠያቂ የሌለው ነው አለ። እስረኛው፣ የውጭ አገር ሰው። የሠለጠነው ከኋላ ይከተላል። «ብልህነት ነው» አለ። «ወታደር እንዲህ ነው የሚቆጥበው።»

በደንብ ነው ያስረዳው። መምህር ቢሆን ይችልበት ነበር።

ሲያጎነብስ ከፊት ያለችውን የቢራ ቆርኪ አንስቼ ኪሴ ከተትኩ። ስሄድ አንድ ጎደለኝ እያለ ከአግዳሚው ሥር ይፈልግ ነበር።

ኅዳር 15፣ ሰኞ

የነቢያት ጾም ገባ። ምንም የለም።

ኅዳር 22፣ ሰኞ

ዲንሳ ከመንገድ ጀምሮ እየጮኸ መጣ። ፖክሮቭስክ ወደቀች። ኢስማኢል ከሱቁ ወጣ፤ አልወደቀችም። ወደቀች፣ አልወደቀችም። አንዱ ባንዲራ ሲሰቅሉ አይቻለሁ ይላል፣ ሌላው የድሮ ፎቶ ነው ይላል። እስከ ምሳ ድረስ። ዲንሳ ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ ሻይ ጋበዘ። ለእኔም ላከልኝ።

ጠጣሁት። ምን ልበል?

ብትወድቅ ይሻላል ወይስ ባትወድቅ? ብትወድቅ ምናልባት ያርፋሉ። ባትወድቅ ምናልባት አልደረሱም፤ ካልደረሱ ደግሞ… ሁለቱን በሐሳቤ ሳመላልስ ዋልኩ። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ እኔ ብቻ ነኝ የማላውቀው።

ኅዳር 28፣ እሑድ

ሰሌዳው ባዶ ነው። ቆርኪዎቹ ጣሳ ውስጥ ተሰብስበዋል።

ስደርስ ወሬ ቆመ። ኢስማኢል እትዬ ሳይለኝ ሱቁ ገባ። ሰሀር ስልኳን ደረቷ ላይ ደፋችው። ዲንሳ ተነስቶ ቁልፉን ጠየቀኝ። አግዳሚ ልቁጠር አለ። መሬት እያየ።

ሃያ ሁለት ዓመት ቁልፍ ያዥ ነኝ። ጠያቂው መሬት ሲያይ ምን ማለት እንደሆነ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ራሴ ስንቱን አድርጌዋለሁ። ከባለ ሐዘኑ ጋር ስስቅ ውዬ፣ ደህና እደሩ ብዬ፣ ጎህ ሲቀድ በሩን ያንኳኳሁበት ጊዜ ቁጥር የለውም።

ሰጠሁት። አልጠየቅሁም። የሚነገረው በንጋት ነው፤ ከዚያ በፊት ብጠይቅ ይዋሻል።

ቤቴን ጠረግሁ። ጥቁሩን ቀሚስ አወጣሁ። ወንበሮቹን ወደ ግድግዳ አስጠጋሁ። ሌላ ምን ይሠራል?

ኅዳር 29፣ ሰኞ

በአሥራ አንድ ተኩል መጡ። ሳያንኳኩ በፊት የአግዳሚ ድምፅ ሰማሁ። አንደኛዋ አግዳሚ አንድ እግሯ አጭር ነው፤ መሬት ስትነካ ሁለት ጊዜ ትላለች። ግቢዬ ውስጥ ሁለት ጊዜ አለች።

ለብሼ ነበር። ከፈትኩ። ዲንሳ ከፊት፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ። ኢስማኢል ጋቢ ተከናንቦ። ከኋላቸው ስድስት ሰባት የእድር ሰው። ሰሀር ከአባቷ ጀርባ።

ደረቴን አልመታሁም። መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

«ተቀብሯል?» አልኳቸው።

ዲንሳ ጉሮሮውን ጠረገ። እንደ መርዶ ነጋሪ ከሩቅ ጀመረ። የሰው ልጅ በዚህ ዓለም እንግዳ ነው፣ የፈጣሪ ፈቃድ… ይህንን ንግግር እኔው ነኝ ያስጠናሁት። ሰሀር ናት ያቋረጠችው።

«እማማ፣ አልሞተም። ተማርኮ ነው። በሕይወት አለ።»

ስልኩን እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። አየሁት። ኖላዊ ነው። ወንበር ላይ ተቀምጧል። ራሱ በነጭ ጨርቅ ታስሯል። ከስቷል፤ ጺሙ አድጓል። ዩክሬኖች ይጠይቁታል፣ በማላውቀው ቋንቋ ይመልሳል። መጨረሻ ላይ በአማርኛ ስሙን ተናገረ። መካኒሳ አቦ አለ። ሥራ ብለው አመጡኝ አለ። አለቀ። እንደገና እንድትከፍትልኝ አደረግሁ። አራት ጊዜ።

ከዚያ ቀና አልኩ። ነጠላውን አየሁ። አግዳሚውን አየሁ። በእጄ ያለውን ሁሉ ብወረውርባቸው ደስ ባለኝ፤ የያዝኩት ግን ልጄን ነበር።

«ታዲያ በንጋት ምን ልታደርጉ መጣችሁ?»

ዲንሳ ነጠላውን ተመለከተው። ያኔ ነው መዘቅዘቁ የታየው። ቀስ ብሎ አስተካከለው።

«ሌላ አመጣጥ አናውቅም፣ ተሾመች» አለ። «መከርን። ለእናት እንዲህ ያለ ነገር እንዴት እንደሚነገር የሚያውቅ ጠፋ።»

እውነቱን ነው። ለተማረከ ልጅ ሥርዓት የለንም። ያለን የሞት ብቻ ነው።

የተንሰቀሰቀው ኢስማኢል ነው። ድንኳን አይተከልም ያለው ሰው። «አፉ በይኝ፣ እትዬ፣ አላወቅሁም» አለ። አግዳሚዎቹን መልሱልኝ አልኳቸው። ተሸክመው ወጡ። አጭሯ እግር በሩ ላይ ተጋጨች።

ታኅሣሥ 1፣ ረቡዕ

ሰው ይመጣል። ገሚሱ እንኳን ደስ ያለሽ ይላል፣ ገሚሱ እግዜር ያጽናሽ። ለሁለቱም አሜን እላለሁ።

የላኩት ዲንሳ የሚደግፋቸው ናቸው። የያዙት ኢስማኢል የሚደግፋቸው። ያቆሰሉትም፣ ቁስሉን ያሰሩለትም እነዚሁ። ማንን ልርገም? ለመርገም እንኳ አልተመቸኝም።

ደጃፉ ላይ እንደገና ዳማ ሆኗል። ለእኔ ብለው ነው። አንድ ቆርኪ ጎድሎ በጠጠር ተክተዋል። ከኪሴ አውጥቼ ሰሌዳው ላይ አስቀመጥኩላቸው። ከየት አመጣሽ ያለኝ የለም።

ወሬ ከማን ልሰማ ታዲያ? ሰሀር እኔ አነብልሻለሁ አለች። ስልኩን ተቀብያት ራሴ አነበብኩ። ዲንሳ ቆርኪ በእጁ እንደያዘ አየኝ። ወሬው ምርኮኛ ይለዋወጣሉ ይላል። መቼ እንደሆነ አይልም።

ታኅሣሥ 8፣ ረቡዕ

ቀይ መስቀል ሄድን። ለምርኮኛ ደብዳቤ እንደሚያደርሱ ያጣራችው ሰሀር ናት። ዲንሳ እኔ ካልወሰድኩሽ ብሎ ነጋ ጠባ ስለነዘነዘኝ ከእሱ ጋር ሄድኩ። አዲስ ኮት ለብሷል።

አንድ ወረቀት ሰጡኝ። ደንብ አለው። የቤተሰብ ወሬ ብቻ ነው የሚጻፈው። ስለ ጦርነቱ፣ ማን ገፋ ማን አፈገፈገ፣ አይቻልም። ሳይታሸግ ስለሚሄድ በየመንገዱ ይነበባል። እንግዲህ ከጥቅምት ጀምሮ የሰማሁት በሙሉ አይጻፍም ማለት ነው። ቀለለኝ።

ዲንሳ እስክሪብቶውን አወጣ። በይ ንገሪኝ፣ ልጻፍልሽ አለ። ልማዱ ነው። እስክሪብቶውን ተቀበልኩት።

ኖላዊ ጽሕፈቴን አያውቀውም። እናቱ እንደጻፈችው በምን ያምናል? ማንም ይጽፋል። ጠባቂዎቹም ይጽፋሉ። እኔና እሱ ብቻ የምናውቀው ምን አለ? አንድ ነገር አለ። እሱም እኔ ማወቄን አያውቅም።

እንዲህ ጻፍኩ፤ እንዳይጠፋኝ እዚህም ልገልብጠው።

«ኖላዊ። ይህን የጻፍኩት እኔው ነኝ፣ በእጄ። አታምንምና ምልክት እነግርሃለሁ። በአሥራ አንድ ዓመትህ የእድሩን ሁለት ድስት ለቆራሌው የሸጥክ አንተ ነህ። በጓሮ ስታወጣቸው በመስኮት አይቼሃለሁ። አጠፋች ሲሉኝ ዝም አልኩ። ይቅር አላልኩህም። ስትመጣ እናወራለን። ቤቱ አለ። እኔም አለሁ። ብላ።»

ዲንሳ መነጽሩን አድርጎ አነበበው። ደግሞ አነበበው። መነጽሩን አወለቀ።

«መስመሯን ዛሬ እሰርዛታለሁ» አለ።

«አትንካት» አልኩት። «መጥቶ ራሱ ይሰርዛታል።»

በመካኒሳ ታክሲ ተመለስን። ሬዲዮ ተከፍቷል። ያቺው ከተማ። ከኋላ አንዱ ወደቀች አለ፣ ሌላው ማን ነገረህ አለ፤ ረዳቱ ሳይቀር ገባበት። ከፊት የተቀመጠ ጎልማሳ ወደ ዲንሳ ዞረ።

«አባባ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?»

ዲንሳ የኮቱን ቁልፍ ቆለፈ።

«እኔ እንጃ፣ ልጄ» አለ። «አላውቅም።»

አቦ ደረስን። ወራጅ አለ አልኩ።