ስለ አራተኛው ጉድለት

ለተከበሩ የመኖሪያ ቤቶች አስተዳደር ኃላፊ

ግልባጭ፦ በደረጃው ለሚወጣና ለሚወርድ ጎረቤት ሁሉ፣ በመግቢያው ግድግዳ ላይ እንዲለጠፍ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ እርስዎንም ቤተሰብዎንም በሙሉ ጤና እንዲያገኛችሁ፣ ጉንፋን ደጃችሁን እንዳይረግጥ፣ ቢሮዎም እንደ ወትሮው ሞቅ ያለና ብርሃን የሞላበት ሆኖ እንዲቆይዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ በሦስተኛው ፎቅ በማዕዘኑ ቤት የምኖር፣ ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ እናት ነኝ። ጽሕፈት ስለማይፈጥንልኝ ይህቺን ደብዳቤ ለመጨረስ አራት ቀን ፈጅቶብኛል፤ ጽሕፈት ቤትዎ ግን ስለ ብርድ ያቀረብኩትን አቤቱታ ስድስት ዓመት ሲያስብበት ስለቆየ፣ አራት ቀኔን እንደ ችኮላ እንደሚቆጥሩልኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምር። ባለፈው ሳምንት ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ደርሶኛል። በመጪው ሐሙስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሠራተኞች መጥተው ልጄ በመስኮቴ ላይ የገጠመልኝን ውስጠኛ መስታወት እንደሚነቅሉና በምትኩ ነጭ ሰሌዳ እንደሚያደርጉልኝ ያበስራል። ልጄ መስታወት ቆራጭና ገጣሚ ነበር። ነበር የምለው ስለሞተ ነው። የምለምንዎ ይህ መስኮት እንዳይነካብኝ ነው። ሥራ ስለሚበዛብዎ ከዚህ በላይ ባያነቡ አልቀየምም፤ ቢያነቡ ግን ያለብኝን የምስጋና ብዛት ያዩታል።

አንደኛ፣ ስላስተማሩኝ ትዕግሥት አመሰግናለሁ። የቤታችን መስኮቶች ተዘግተው እንኳ መጋረጃ ያወዛውዙ እንደነበር፣ በብርድ ወራት በመስታወቱ ላይ የሚወርደው ጤዛ ግድግዳውን እንዳሻገተው በየዓመቱ ስጽፍ፣ በሦስተኛው ዓመት አንድ መልስ አግኝቻለሁ። መልሱም «ወፍራም መጋረጃ ይጠቀሙ» የሚል ነበር። ተጠቀምኩ። መጋረጃው ሲዘጋ ቤቱ ትንሽ ሞቀና ጨለመ፤ ሲከፈት በራና በረደ። ከሁለቱ አንዱን እንድመርጥ ነፃነት ስለሰጡኝ ውለታዎን አልረሳም።

ሁለተኛ፣ ዘንድሮ ስለጀመሩት የብርድ መከላከያ ሥራ እናመሰግናለን። ለማያውቁት ጎረቤቶች ለመግለጽ ያህል፣ ሥራው ማለት በየመስኮቱ ላይ ነጭ የፎም ሰሌዳ በብሎን መምታት ነው። በማስታወቂያው ላይ «ነዋሪው ቀንና ሌሊትን መለየት እንዲችል ከላይ በኩል አንድ ስንዝር ክፍት ይተዋል» የሚለውን ሳነብ፣ ለእኛ ያለዎት አሳቢነት ልቤን ነካው። «በመስኮት የሚታይ ነገር በኪራይ ውሉ ውስጥ አልተካተተም» የሚለውን ሳነብ ደግሞ እስከዛሬ ስንት ነገር በነፃ እንዳየሁ ገብቶኝ አፈርኩ።

ውጤቱም እጅግ ያማረ ነው። ከሥሬ ያለችው ልብስ ሰፊ ክር በመርፌዋ የምታሾልከው ደረጃው ላይ ወጥታ ነው፤ በጠራራ ፀሐይ ቤቷ ውስጥ መብራት ታበራለች። ከፊት ለፊቴ ያሉት ጡረተኛ ሾፌር ቀኑን ሙሉ መስኮት ዳር ተቀምጠው የሚያልፉትን አውቶቡሶች በቁጥራቸው እየለዩ ይጠሩ ነበር። አሁን ሰሌዳው ላይ በእርሳስ አንድ አውቶቡስ ሥለውበታል። «ይሄኛው እንኳ አይዘገይም» ይላሉ። ባለቤታቸው ስትነግረኝ ስቃ ነበር የጀመረችው፤ አልጨረሰችውም።

ሦስተኛ፣ የልጄን ሥራ «ከደንብ ውጭ የተደረገ ጭማሪ» ብለው ስለጠሩት፣ ምን እንደሆነ ሳያውቁት እንዳይነቅሉት ላስረዳዎ።

መጀመሪያ ሻማ ለኩሶ በመስኮቱ ዙሪያ ቀስ እያለ አዞረው። ነበልባሉ ጎንበስ ባለበት ሁሉ በጠመኔ ምልክት አደረገ። «ብርዱ በየት እንደሚገባ ራሱን ንፋሱን መጠየቅ ነው እማዬ» አለኝ። ምልክት ያደረገባቸውን ክፍተቶች በቀጭን ጎማ ደፈናቸው። ከዚያ ከአሮጌው መስታወት በስተውስጥ ሁለት ጣት ያህል ርቀት ትቶ፣ ሌላ ጥርት ያለ መስታወት በቀጭን የእንጨት ክፈፍ ገጠመ። በሁለቱ መሃል እርጥበት የሚጠጣ ፍሬ የያዘች ትንሽ ከረጢት አኑሮ ዙሪያውን በሲሊኮን አሸገው። ቤት መተንፈስ አለበት ብሎ በጎን በኩል ያለችውን ተከፋች ጠባብ መስኮት ጎማ አደረገላት እንጂ አላሸጋትም። «በቃ፣ የታሰረ አየር ብርድ ልብስ ነው» አለኝ። ብርድ ልብሱ የትም አይታይም፤ የሚታዩት እንደ ድሮው የትምህርት ቤቱ አጥር፣ ጠማማዋ ዛፍና ልጄ ከሥራ ሲመለስ የሚወርድበት ፌርማታ ናቸው። ከአውቶቡስ ሲወርድ አይቼ ምሳውን አሞቅ ነበር።

ያን ቀን ንፋሱ ስለበረታና እኔንም ሳል ይዞኝ ስለነበር ቸኮለ። በማግስቱ ጠዋት ፀሐይዋ ከጎን ስትመታው ሳይ፣ በሁለቱ መስታወቶች መሃል የግራ እጁ መዳፍ ከነአምስት ጣቱ ታትሟል። አውራ ጣቱ ላይ መስታወት ቆርጦት የቀረችው ጠባሳ እንኳ እንደ ክር ተሰምራ ትታያለች።

«ይሄ ምንድን ነው? የሰው ቤት ስትሠራም እንዲህ ነው የምታዝረከርከው?» አልኩት።

«ለሰውማ ሦስቴ ነው የምጠርገው። እናቴ ትከሰኛለች እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። «ቅዳሜ ከፍቼ እጠርግልሻለሁ።»

ቅዳሜ ሌላ ሥራ መጣ። በሚቀጥለው ቅዳሜም እንዲሁ። እኔም ባየሁት ቁጥር ጨቀጨቅኩት። እንግዳ ሲመጣ «ባለሙያ ልጅ አለኝ ብዬ አፌን ሞልቼ እንዳልናገር አሳፈርከኝ» እስከማለት ደረስኩ። በአሥረኛው ሳምንት ታመመ። በአሥራ ሦስተኛው ቀበርኩት። አልጋ ላይ ሆኖ እንኳ «ስድን ያቺን መስታወት እጠርጋታለሁ፣ አትቆጪ» ብሎኛል። በዕድሜው ሙሉ ከሠራው ሥራ ሁሉ ሳይጨርሰው የቀረው ይህ አንዱ ነው፤ እኔም ዛሬ ከሁሉ አስበልጬ የምመርቀው ይህንኑ ነው። መዳፉ የሚታየው ጠዋት፣ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ፀሐይ ከጎን ስትገባ ብቻ ነው። ሌላ ጊዜ መስታወት ነው። ሰሌዳ ሲመታበት ግን ምንም አይደለም።

አራተኛ፣ መርማሪ ስለላኩልኝ አመሰግናለሁ። ጎረቤቶቼ ባለ ሜትሩ የሚሉት ነው። መልካም ልጅ ነው፤ ጫማውን ጠርጎ ገባ። የሙቀት መለኪያውን በክፍሌ መሃል ይዞ አነበበ፣ ነቀነቀው፣ ደግሞ አነበበ።

«እማማ፣ ምድጃ ለኩሰዋል እንዴ?»

«አልለኮስኩም ልጄ።»

«ከሕንፃው ሁሉ ሞቃቱ ክፍል የእርስዎ ነው» አለኝና ጻፈው። ደስ አለኝ፤ ልጄ የተመሰገነ መሰለኝ። ቀጥሎ ወደ መስኮቱ ጠጋ አለ። መዳፉን አየና መሐረቡን አውጥቶ ፈተገው። አልለቀቀም። ጠባቧን መስኮት ከፍቶ እጁን በውጭ አዙሮ ፈተገ። አልለቀቀም።

«ይሄ በየት በኩል ነው ያለው?»

«መሃል ነው።»

«ታዲያ እንዴት ነው የሚጸዳው?»

«አይጸዳም።»

ብዕሩን ደግሞ አወጣ። የጻፈው አሁን በእጄ ነው። ጉድለት አንድ፣ ያለ ፈቃድ የተሠራ። ጉድለት ሁለት፣ ከሌሎቹ መስኮቶች ጋር የማይመሳሰል። ጉድለት ሦስት፣ የሠራው ባለሙያ ያልፈረመበት። ጉድለት አራት፣ «በውስጠኛው ገጽ ላይ የእጅ ቆሻሻ ያለበት»። ከሥሩም በእርስዎ ፊርማ «መስታወቱ ተነቅሎ፣ በጽሕፈት ቤቱ ወጪ ታጥቦ፣ ለሌላ አገልግሎት ይውላል» የሚል ሰፍሯል።

ስድስት ዓመት ሙሉ ለብርዱ ያልመጣ ሠራተኛ የልጄን እጅ ለማጠብ በአሥር ቀን ውስጥ መገኘቱ ያስደንቃል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚለውን ተረት ልጽፍ ነበር፤ ለተከበረ ሰው አይጻፍም ብዬ ተውኩት።

አምስተኛ፣ በጉድለት ሦስት ጉዳይ ጽሕፈት ቤትዎ ስላደረገልኝ መስተንግዶ አመሰግናለሁ። «ባለሙያው በአካል ቀርቦ ይፈርም» ስለተባለ የሞቱን ማስረጃ ይዤ መጣሁ። የተቀበለችኝ ልጅ ከመስታወት ጀርባ ስለነበረች፣ በታችኛዋ ቀዳዳ ጎንበስ ብዬ ነገርኳት።

«ራሱ ካልቻለ ወኪል ይላክ» አለችኝ።

«ሞቷል እኮ ነው የምልሽ እናቴ።»

ወረቀቱን አገላብጣ አየችው። ደነገጠች መሰለኝ፣ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ይሄ ከመስኮት ፋይል ጋር አይያያዝም፤ ላይኛው ፎቅ ይጠይቁ» አለችኝ። በእርሷ አልፈርድም፤ የታዘዘችውን ነው። ከሦስት ቀን በኋላ ግን «ባለሙያው ተደጋጋሚ ጥሪ ተደርጎላቸው ባለመቅረባቸው ተባባሪ አለመሆናቸው ተመዝግቧል» የሚል ደብዳቤ ደረሰኝ። ክቡር ሆይ፣ ልጄ ብዙ ነገር ተብሏል፤ ቀልደኛ፣ ዘግይቶ የሚነሳ፣ ብድር የሚረሳ። ከሰው ጋር አይተባበርም የተባለው ግን ከሞተ በኋላ ነው። በሕይወት ቢኖር ኖሮ ጥሪውን ሰምቶ፣ መሰላሉን ተሸክሞ፣ የእናንተንም የሚያፏጭ በር አስተካክሎላችሁ ይመለስ ነበር።

ያን ዕለት ላይኛው ፎቅ ወጥቼ ነበር። በርዎ ገርበብ ብሎ ነበርና ቢሮዎን አየሁት። ሲያምር! ከወንበርዎ ጀርባ ትልቅ መስኮት፣ በመስኮቱም ባሻገር አትክልትና አበባ፣ ፀሐይዋም እስከ ጠረጴዛዎ ድረስ ገብታለች። ነጭ ሰሌዳ አላየሁም። እርስዎም በሸሚዝ ብቻ ተቀምጠዋል። ጸሐፊዎ «በስብሰባ ላይ ናቸው» ስላለችኝ፣ ከራስዎ ጋር የጀመሩትን ስብሰባ እንዳልረብሽ ብዬ ተመለስኩ።

እንግዲህ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ መስኮቴ ይቆይልኝ። የሚያሳስብዎ አለመመሳሰሉ ከሆነ መፍትሔው ቀላል ነው፤ የእኔ እንደ ሌሎቹ ከሚታወር፣ የሌሎቹ እንደ እኔው ይብራ። ልጄ የእያንዳንዱን ቤት መስኮት ልክ የመዘገበበት ደብተር አለኝ፤ ወረፋው ሲደርስ ለሁሉም ሊሠራ አስቦ ነበር፣ የመጀመሪያዋም ልብስ ሰፊዋ ነበረች። የሥራ ጓደኞቹ «እኛ እንገጥማለን» ብለውኛል። ጠመኔውና ሻማው ከእኔ። ከእርስዎ የሚፈለገው ፈቃድና ያን ሰሌዳ የሚፈታ ሰው ብቻ ነው።

ይህ የማይሆን ከሆነ ግን ሐሙስ ጠዋት በሬን አልቆልፍም። ሠራተኞችዎ እንግዶቼ ናቸው። ወንበሬን መስኮቱ ሥር አስጠግቼ ተቀምጬ እጠብቃቸዋለሁ፤ ሰሌዳው የሚመታው እኔን ጨምሮ ነው። የቀጠሩት ሰዓት እጁ የሚታይበት ሰዓት ስለሆነ፣ ቢችሉ እርስዎም አብረው ይምጡና ቆሻሻ መሆን አለመሆኑን በዓይንዎ አይተው ይወስኑ።

ወደር ከሌለው አክብሮትና በመሣሪያ ከተለካ ሙቀት ጋር፣

የሦስተኛው ፎቅ የማዕዘኑ ቤት ነዋሪ፣
ተባባሪ ያልሆነው ባለሙያ እናት

ከፈረምኩ በኋላ ያስታወስኩት፦ ከወንበርዎ ጀርባ ያለውን ባለ ሁለት መስታወት መስኮት የገጠመው ልጄ ነው። የገጠመው ዕለት ቤት ሲገባ «እማዬ፣ የቤቶችሽ ኃላፊ ብርዱን አስቀርልኝ፣ አትክልቱን ግን እንዳትሸፍንብኝ አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ላንቺም እንደዚያው ነው የምሠራልሽ» አለኝ። የሠራው ባለሙያ ፈርሞበት እንደሆነ ፋይሉን ቢያዩልኝ ደስ ይለኛል። ስለ ጽዳቱ ግን አይስጉ፤ አጠገቡ ቆመው ሦስት ጊዜ እንዳስጠረጉት ነግሮኛልና የእርስዎ መስኮት አራተኛው ጉድለት የለበትም። ጠዋት ፀሐይ ከጎን ስትመታው ዞር ብለው ቢፈልጉ ምንም አያገኙም። እኔ በእኔ መስኮት አገኛለሁ።