የሕመምተኛን ቃል በመጻፋቸው የተጠሉት የዶክተር ኦብሴ ገቢሳ የሕይወት ታሪክ

ዶክተር ኦብሴ ገቢሳ ከአባታቸው ከአቶ ገቢሳ ጅረኛና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኢልሊ ዋቅሹማ በ1955 ዓ.ም. በባምባሲ ተወለዱ። አባታቸው ከወለጋ መጥተው በባምባሲ የከተሙ ቡና ነጋዴ ነበሩ። ፊደል የቆጠሩት እዚያው ሲሆን፣ ሁለተኛ ደረጃን ነቀምቴ አጎታቸው ዘንድ ሆነው ጨረሱ። በ1976 ዓ.ም. በነርስነት ተመርቀው ወደ አገራቸው ተመለሱ። በ1979 ዓ.ም. በሰፈራ ከወሎ ከመጡ ቤተሰቦች ልጅ፣ ከመምህር ፈንታ ምንይችል ጋር ትዳር መሠረቱ። በሃይማኖትም በትውልድም አይገጥሙም ያለው ብዙ ነበር፤ እሳቸው ግን ሰው ምን ይለኛል የሚሉ አልነበሩም። ስርጉትንና ዋቅሹማን ወልደዋል።

ክልሉ እንደ አዲስ በተዋቀረባቸው ዓመታት ዶክተር ኦብሴ አሶሳ ባለ አንድ ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ክፍል ኃላፊ ነርስ ነበሩ። አማርኛ በደንብ የማይናገሩ ሕመምተኞች ከቀዶ ሕክምና በኋላ ሁልጊዜ «ሕመም የላቸውም» መባላቸው ይከነክናቸው ጀመር። ስለዚህ ከባልደረባቸው ከነርስ ጁምዓ ሐምዳን ጋር ሆነው ሕመምተኞቹን በአካባቢው ቋንቋ በበርታኛ ጠየቁ። በአማርኛ ሲጠየቁ «ደህና» ብለው ዝም ያሉት ሰዎች፣ በቋንቋቸው ሲጠየቁ ሕመሙ እንቅልፍ እንደነሳቸው ተናገሩ። ማስታገሻ የሚሰጣቸውም ከሌሎቹ በጣም ባነሰ መጠን ነበር። ሁለቱ ባልደረቦች ይህን ጽፈው በ1990 ዓ.ም. አሶሳ ላይ በተደረገ ስብሰባ አቀረቡ።

በስብሰባው ላይ አንድ የጤና ቢሮ ኃላፊ ተነስተው፣ «በአዲስ ቤት ላይ ጭቃ የምትወረውሪው ማን ልኮሽ ነው?» አሏቸው።

ዶክተር ኦብሴም፣ «ቤቱ ውስጥ የሚያቃስት ሰው አለ፤ እኔ የጻፍኩት የእሱን ነው» ብለው መለሱ።

ከጁምዓ በቀር አብሯቸው የቆመ አልነበረም። ዛሬ ለቀብር ከመጣችሁት መካከል ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ የነበራችሁ ይህን ታውቃላችሁ። ከዚያ በኋላ በከተማው «ክልሉን የሰደበች» ተባሉ። የዕድር ሴቶች ሰላምታ ነፈጓቸው፤ ልጆቻቸውም በትምህርት ቤት ተሰደቡ። ብዙም ሳይቆይ ባልና ልጆቻቸውን አሶሳ ትተው ወደ ግልገል በለስ እንዲዛወሩ ታዘዙ። እናታቸው በታመሙ ጊዜ ፈቃድ ጠይቀው ተከለከሉ። በመጨረሻ ሲፈቀድላቸው፣ የዚያን ጊዜው መንገድ በባሕር ዳርና በአዲስ አበባ የሚያዞር ስለነበር፣ ባምባሲ የደረሱት ከቀብር በኋላ ነው። እኔ ታናሽ እህታቸው ደራርቱ በር ላይ ተቀበልኳቸው። አላለቀሱም። ድንኳኑ መቼ እንደፈረሰ ብቻ ጠየቁኝ።

ያ የተጠላ ጥናት በ1994 ዓ.ም. በውጭ አገር መጽሔት ታተመ። የሕንድ፣ የብራዚልና የኬንያ ተመራማሪዎች ዋቢ አደረጉት፤ እስካሁን ከስድስት መቶ በላይ በሆኑ ጥናቶች ተጠቅሷል። ሕመምተኛ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ይጠየቅ የሚለው ምክራቸውም በሌሎች አገሮች የነርሶች ማስተማሪያ ውስጥ ገባ። ጥናቱን አንብቦ ከውጭ አገር ድረስ የመጣ ተመራማሪ ግን አሶሳ ላይ ሲጠይቅ፣ በዚህ ስም የሚጠራ ባለሙያ የለም ተብሎ ተመልሷል። ዶክተር ኦብሴ በሕመም ማስታገስ ሦስተኛ ዲግሪያቸውን በ2002 ዓ.ም. ተቀብለው አሶሳ ተመለሱ። እስከ መጨረሻው ድረስም ነርሶችን አስተማሩ።

በ2006 ዓ.ም. በስብሰባው የተናገሯቸው እኚያው ኃላፊ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ዶክተር ኦብሴ በሚሠሩበት ክፍል ተኙ። ዶክተር ኦብሴ ማስታገሻው ሰዓቱን ጠብቆ እንዲሰጣቸው አደረጉ፤ ጠዋት ማታም ሕመማቸውን ጠየቋቸው። ሰውየው እጃቸውን ይዘው ይቅርታ ሲለምኗቸው፣ «በሰው ፊት የተናገሩትን በሰው ፊት ያንሱልኝ» አሏቸው። ሰውየውም ቃል ገቡ። ድነው ወጡ፤ ቃላቸውን ግን አልፈጸሙም። በኋላ ጤና ቢሮው «ክልላችንን በዓለም ያስጠሩ» ብሎ ሽልማት ሲያዘጋጅ ሰጪው እኚሁ ኃላፊ መሆናቸው ተነገረ። ዶክተር ኦብሴ አልሄዱም።

ባደረባቸው የአጥንት ካንሰር ለአንድ ዓመት ያህል በሕክምና ሲረዱ ቆዩ። ያስተማሯቸው ነርሶች ከአጠገባቸው አልተለዩም። በመጨረሻው ሳምንት እኚያ ኃላፊ በቀብራቸው ላይ ንግግር ለማድረግ እንደሚፈልጉ መልእክት ላኩ። እህቴ አዳምጠው ሲያበቁ፣ «በሕይወቴ ያልተናገረውን በሬሳዬ ላይ እንዳይናገር። ሬሳ ይቅርታ አይሰማም» አሉኝ። ቤተሰቡ ቃላቸውን አክብሯል፤ ዛሬ ከዚህ ጽሑፍ ሌላ የሚደረግ ንግግር የለም።

ዶክተር ኦብሴ ገቢሳ ጥር 19 ቀን 2015 ዓ.ም. በስልሳ ዓመታቸው በአሶሳ ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ባለቤታቸው መምህር ፈንታ፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ የልጅ ልጆቻቸው፣ እኔ እህታቸውና እንደ ወንድም ያልተለዩን አቶ ጁምዓ ሐምዳን በሐዘን ቀርተናል።

የእያንዳንዱን ሰው ሲቃ በየቋንቋው የሚሰማ አምላክ፣ ሕመምና ለቅሶ በሌለበት ቤቱ ነፍሳቸውን ይቀበል።