እንገሩ መድኃኒት አይደለም

ይድረስ ለማከብርዎት አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ሆነልዎ? የሞላሌ ብርድስ በረታባችሁ? እማዬ ወገቧን ተሻላት ወይ? ናፍቆትን ደህንነት ካሉት፣ እኔም ደህና ነኝ።

ትናንት ወንድሜ አምላኩ ደውሎ የላማችንን የዳልቼን ነገር ነገረኝ። ግቷ ካበጠ ሳምንት ሆኗታል፤ እርስዎ ግን ከጎረቤት አራስ ላም እንገር እየለመኑ ይቀቧታል አለኝ። ሐኪም እናምጣ ሲልዎትም የልጄ ትምህርት ይበልጣል ብለው ተቆጡት አሉ። ወይ ጉዴ!

እውነት ነው፣ ስለ እንገሩ የነገርኩዎት እኔ ነኝ። እዚህ ላብራቶሪ ሥራዬ ከታመመ ግት ወተት የተገኘውን ባክቴሪያ በትንሽ ሳህን ማርባት ነው። ባለፈው ወር ከእንገር የወጣ ፕሮቲን ጠብ ባደረግሁበት ቦታ ባክቴሪያው ሞቶ፣ ዙሪያው ጥርት ብሎ አገኘሁት። ደስታዬን የምነግረው ሰው ግን አጣሁ። የሥራ ባልደረቦቼ ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ ሰክተው ነው የሚውሉት። ገርጂ ኮንዶሚኒየምም በሩ ሁሉ ዝግ ነው፤ ሁለት ዓመት ስኖር የጎረቤቴን ስም አላውቅም። አንዳንድ ቀን ከሥራ ወጥቼ የምተነፍሳት ቃል ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» የምላት ብቻ ናት።

እናም ለእርስዎ ደወልኩ። እሺ፣ ከዚያስ፣ እያሉ ሲጠይቁኝ ልቤ ሞቀ። እንገር ይገድለዋል አልኩዎት። ሳህን ላይ ነው እንጂ ላም ላይ ገና አልሞከርነውም የሚለውን ግን ዋጥኩት። ረስቼው አይደለም አባባ። እሱን ካልኩ ወሬው ያልቅና በይ ደህና ሁኚ ይሉኛል ብዬ ነው።

ዛሬ ጠዋት ልናዘዝ ደውዬ ነበር። «ልዩዬ» ሲሉኝ እንባዬ ቀደመኝና ኔትወርክ ነው ብዬ ዘጋሁት። ስለዚህ ይህን ወረቀት ነገ ወደዚያ ለሚሳፈረው ለሞላሌው ጎረቤታችን ለቢተው እሰጠዋለሁ።

በእመቤቴ ይዤዎታለሁ፣ እንደደረሰዎት ሐኪም ያስጠሩ። እንገሩን ልጆች ይብሉት። የዳልቼን ወተት ለጊዜው አትጠጡ። እማዬም ዳልቼ የላሞቹ ታላቅ ናት እያለች እሷን አስቀድማ ማለቧን ትተው፤ መጨረሻ ትለባት፣ እጇንም በሳሙና ትታጠብ፣ አለዚያ በሽታው ወደ ሌሎቹ ይዛመታል። ሐኪሙ ዘግይታችኋል፣ ጡቷ አይድንም ካለ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ለጎረቤትም ይህንኑ ይንገሩ።

የእማዬን ጉልበት ሳሙልኝ። አምላኩንም ልክ ነበርክ በሉልኝ። እርስዎ ደግሞ ደውለው ይቆጡኝ፤ ብቻ ቶሎ አይዝጉት።

ልጅዎ ልዩ
ገርጂ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 21 ቀን 2017 ዓ.ም.