የምሕረቱ መድኃኒት ሲመረመር

ሰኞ
ዛሬም ጠጣ። ባሌ፣ ልጃችን ምሕረቱ ይጠጣው ከነበረው ዱቄት አንድ ማንኪያ በውሃ በጥብጦ፣ ፊቴ ቆሞ ጠጣው። ምሕረቱ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ነው የሞተብኝ። ሐኪሙ ጉበቱ ነው አለ፤ ጎረቤት የወፍ በሽታ ነው አለ። እኔ ዱቄቱን እጠረጥራለሁ።

"ጨጓራዬን ያሻለኝን ነገር? የአጎቴን እጅ ልጠርጥር?" አለኝ ባሌ። መድኃኒቱን የሚሰጡን አጎቱ፣ የሞርሲቶው አባባ ሎምቤቦ ናቸው።

ሳያየኝ ትንሽ ቆንጥሬ በወረቀት ጠቀለልኩ።

ማክሰኞ
የጎረቤቴ ልጅ ሕይወት ላብራቶሪ ነው የምትሠራው። ወሰድኩላት። አሸተተችው።

"የምን ቅጠል ነው እማማ?"

አላውቅም። ስሙ ከተነገረ ኃይሉን ያጣል ይባላል፤ አባባ ለሚስታቸው እንኳ አልነገሩም።

"እንግዲያው እርጥቡን ያምጡልኝ። ዱቄቱን ከምን ጋር ላስተያየው?"

እንዴት ብዬ ልጠይቃቸው?

ረቡዕ
ሞርሲቶ ሄድኩ። የምናገረውን መኪና ውስጥ ስደጋግመው ነበር፤ ስደርስ ጠፋኝ። እርጥቡን ቅጠል ለምርመራ ይስጡኝ ብቻ አልኩ።

"ልትከሺኝ ነው?" አሉ አባባ።

"አይደለም አባባ። ባሌም እንዳይሞትብኝ ነው።"

"ምሕረቱን እኔም ቀብሬዋለሁ" አሉና ቅጠሉን ከጓሮ ቆርጠው አመጡልኝ። "ስሙን ግን አትጠይቂኝ። እነዚያ የተማሩት ካወቁት ፋብሪካ ይከፍቱበታል።"

ሳልፈልግ ሳቅሁ። ልጄ ከሞተ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው።

ሐሙስ
አባባ ለባሌ ደውለዋል። "ከዘመዴ አቆራረጥሽኝ! አሁን ሽማግሌ ይዤ ልካሳቸው ነው?" ብሎ ጮኸ። እልህ ይዞት ሁለት ማንኪያ ጠጣ። ዱቄቱን ልደፋው ነበር፤ እጄን ያዘኝ።

ሕይወት ቅጠሉን ጥላ ውስጥ አስጥታዋለች። ፀሐይ ውስጡ ያለውን ያበላሸዋል አለች። ፍጠኚ ልላት አፈርኩ።

ሰኞ
አየሁት። ሕይወት የአባባን ቅጠል ፈጭታ፣ እሱንም ዱቄቱንም ለየብቻ በአልኮል ዘፍዝፋ አጥልላለች። ነጭ ነገር የተቀባ ስስ መስታወት ግርጌ ላይ ሁለቱን ጎን ለጎን ጠብ ጠብ አደረገችና ጥቂት ፈሳሽ ውስጥ አቆመችው። የነጠላ ጫፍ ውሃ ሲነካው እንደሚስበው፣ ፈሳሹ ሽቅብ እየሳበ ወጣ። ጠብታዎቹም ከሥር ተነሥተው ተለያዩ። ሐምራዊ መብራት አበራችበት።

የአባባ ቅጠል ሦስት ነጥብ አለው። የእኛ ዱቄት ሦስቱም አሉት፤ ከእነሱ በላይ ሌላ ሁለት አለ።

"ሌላ ተክል ተቀላቅሎበታል" አለች።

"ልጄን የገደለው እሱ ነው?"

"ይሄ መስታወት ያንን አይነግረንም እማማ። እነዚህ ሁለቱ ምን እንደሆኑ ለማወቅ አዲስ አበባ ትልቅ መሣሪያ አለ፤ እልከዋለሁ። እስከዚያ ማንም እንዳይጠጣው።"

ለአባባ ደወልኩ። "አንድ ቅጠል ነው የምሰጠው። ሌላ ጨምሬ አላውቅም" አሉ።

ማክሰኞ
ለባሌ ነገርኩት። ይጮሃል ብዬ ነበር። ተቀመጠ።

"የአጎቴ ሊያልቅ ሲል ደጋግሜ እንዳላስቸግራቸው ብዬ ዶዮገና ገበያ ገዛሁ። ያው ነው አሉኝ፤ ሽታውም ያው ነው። ከላይ ጨመርኩበት" አለ።

ለምሕረቱም በጥብጦ የሚሰጠው እሱ ነበር።

ዱቄቱን ራሱ ለሕይወት ወሰደላት።

ረቡዕ
ሐኪም ቤት ዋልን። ለጉበት ምርመራ ደም ሰጠ። አግዳሚው ላይ በመካከላችን ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ትቼ ተቀመጥኩ። ተቀይሜዋለሁ። ልጄን በእጁ አጠጣው እላለሁ፤ ደግሞ ራሱም ጠጥቶታል እላለሁ።

ስሙ ሲጠራ እሱ አልሰማም። ብድግ ያልኩት እኔ ነኝ።

"ጉበቱ ተነክቷል" አለ ሐኪሙ። "ካቆመ ሊያገግም ይችላል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱና እንየው።"

ሊያገግም ይችላል አለ እንጂ ያገግማል አላለም።

መንገድ ስንሻገር እጄን ሊይዝ ሞከረ። አልሰጠሁትም። ማታ ግን አጥሚት ሠራሁለት፤ እስኪጨርስም አጠገቡ ተቀመጥኩ።