ከደቡብ የመጣው ሥራ

ለውድ ወንድሜ ለሲግቫርት፣

ባሕሩ እንደረጋልህ፣ ይህን ሁሉ ዓመት የምትጠግነው የመርከብ ሞተርም እንዳላስቸገረህ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔና አባባ ደህና ነን።

የአውሮፕላን ካፒቴንነቱን ቦታ ከለከሉኝ። መጋቢት ላይ ረዳት አብራሪ ሆኜ ቫርዶ አየር ማረፊያ ልናርፍ ስንል ነፋሱ ከጎን ሲመታን፣ ካፒቴኑን «እንመለስ!» ብዬ ስለጮህኩበት ነው። አለቃው «ቶሩን፣ አንቺ እኮ ነፋስ ትፈሪያለሽ» አለኝ። «ነፋሱን አይደለም፤ አጭር ማኮብኮቢያ ላይ የሚፎክር ወንድ ነው የምፈራው» አልኩት። ይቅርታ ጠይቂ ቢሉኝም አልጠየቅኩም።

አሁን ደቡብ ያለው የኦስሎ አየር መንገድ ትልቅ ጄት እንዳበርር ጠርቶኛል። እስከ ወሩ መጨረሻ መልስ ይጠብቃሉ።

ባለፈው ማክሰኞ አባባ የድሮ የሥራ ልብሱን ለብሶ የማኮብኮቢያውን በረዶ ሊጠርግ ሄደ። በሐምሌ፣ አንዲት የበረዶ ቅንጣት በሌለበት በጋ! የበረራ መቆጣጠሪያ ማማው ኦላቭ በመኪናው አመጣውና «ጡረተኛው ሥራ ናፍቆታል» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ወዲህ ወደ በረራ ስወጣ ጎረቤታችን ኦድቬግ አብራው ትቀመጣለች።

ልሂድ ወይስ ልቅር ብዬ አልጠይቅህም። መርከባችሁ መቼ ወደብ እንደሚገባ ብቻ ቶሎ ደውለህ ንገረኝ።

አባባ በጣም ይናፍቅሃል፤ ትምህርትህን በርትተህ ተማር ብሎሃል።

እህትህ ቶሩን