ቀድሜ የገዛሁት ጃንጥላ

ሞላዬ፣ የቤቴ ምሰሶ፣

እንዴት ከርመሃል ብዬ አልጠይቅህም፤ ያለህበት ደኅና እንደሆነ ቄሶቹ ነግረውኛል። ከተለያየን ሰባት ወር ሞላ። ኅዳር ላይ አፈር ስናለብስህ ጤፉ ገና አልታጨደም ነበር፤ ይኸው ሰኔ ገብቶ መሬቱ ርሷል። ጥቁሬን አላወለቅሁም። ትልቋ ልጅህ ስምንተኛ ክፍል ልትፈተን ነው። ቦራ በሬህም ወፍሯል።

የምጽፍልህ ግን ይህን ብቻ ልነግርህ አይደለም። ቅናት ሊገድለኝ ነበር፤ እሱን ልናዘዝልህ ነው። ለንስሐ አባታችን የነገርሁትን ላንተ ብደብቅ ምን ሚስት እባላለሁ?

የቀናሁት በጎረቤታችን በጥሩወርቅ ነው። ባሏ ዳኘውና አንተ አብራችሁ ቋራ ለሰሊጥ አጨዳ ወረዳችሁ፤ አብራችሁ ወባ ይዟችሁ ተመለሳችሁ፤ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታልም ጎን ለጎን ተኛችሁ። እኔና እሷ ደግሞ በአንድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆመን፣ ባሎቻችንን ካስነሣህልን ጃንጥላ እናገባለን ብለን ለሚካኤል ተሳልን። ጸሎታችን አንድ፣ እንባችን አንድ። እሱ ተነሣ፣ አንተ ቀረህ። ኧረ ይህ በምን ሚዛን ነው?

መቸም መቸኮሌን ታውቃለህ። እሷ ባሏ እስኪድን ስትጠብቅ፣ እኔ ቡሬ ገበያ ወርጄ ቀይ ከፋይ ጃንጥላ፣ ዘርፉ ወርቅ የሚመስለውን መርጬ ገዛሁና አልጋህ ሥር አስቀመጥሁት። ሳልድን ምን አስቸኮለሽ ብለህ በዚያ በደከመ ፊትህ ሳቅህብኝ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሉ የለ? ከቀብርህ ስመለስ ቆጥ ላይ ወረወርሁት፤ ዳግመኛም ላየው አልፈለግሁም።

አንድ አንድ በሬ ይዛችሁ በመቀናጆ ታርሱ አልነበር? ዳኘው ዛሬም የእሱን ዳልቻና የእኛን ቦራ አቀናጅቶ ያርሳል፤ መጀመሪያ የእኛን ማሳ፣ ከዚያ የራሱን። ማመስገን ነበረብኝ። እኔ ግን ቦራን በስሙ ሲጣራ በሰማሁ ቁጥር ጆሮዬን እደፍን ነበር። እንዲያ የምትጠራው አንተ ነበርሃ! በዚያ ላይ ጥሩወርቅ የባሏን ምሳ አንጠልጥላ በደጄ ስታልፍ ዓይኔ ደም ይለብሳል። ነጠላዋ እንኳ ያስጠላኝ ጀመር። ከእኔ የተሻለ ምን ብላ ጸለየች እላለሁ።

ግንቦት ማለቂያ ላይ ለዳኘው ቦራን ጅጋ ገበያ ወስጄ ልሸጠው ነው አልሁት። ቸግሮኝ አይደለም። ዳልቻ ብቻውን ሞፈር እንደማይጎትት አውቃለሁ፤ የእሱም መሬት ጦሙን ይደር፣ የእኔም ጦሙን ይደር ብዬ ነው። ልጆችህ ምን እንደሚበሉ እንኳ አላሰብሁም፤ ይቅር በለኝ። ዳኘው ቀንበሩን ግድግዳዬ ላይ አስደግፎ፣ አንገቱን ደፍቶ ሄደ።

የንስሐ አባታችን ይህን ሰምተው መጡ። ይቆጡኛል ስል አልተቆጡም። እኔም የሆዴን ዘረገፍሁላቸው፤ የእግዚአብሔር ምሕረት ለሁለት ሰው አይበቃም ወይ አልኋቸው። እሳቸውም ጥሩወርቅ ስለቷን እስካሁን እንዳላስገባች ነገሩኝ። ጃንጥላውን ገዝታ ማጀት ከደበቀችው ወራት አልፈዋል። እልልታው ቁስሌን እንዳይነካብኝ ብላ ነው። ስለት ያቆየ ሰው ምን እንደሚፈራ ታውቃለህ። ዳኘው ራሱን ባመመው ቁጥር፣ ሚካኤል ሊወስድብኝ ነው እያለች ትንቀጠቀጣለች አሉኝ። ያን ሁሉ ፍርሃት ለእኔ ስትል ተሸክማው ከርማለች።

እውነቱን ልንገርህ? መጀመሪያ በዚህም ቀናሁ። ባሉም የእሷ፣ ደግነቱም የእሷ! ኋላ ግን ፊቴን በነጠላዬ ሸፍኜ አለቀስሁ። ምሕረት እኔን ረስቶ ያለፈ መስሎኝ ነበር፤ ለካ በጎረቤቴ በር ገብቶ ማሳዬን ሲያርስልኝ ከርሟል።

በማግስቱ ቦራን ራሴ ነድቼ ደጃቸው አሰርሁት። የሰኔ ሚካኤል ዕለት እኔና ጥሩወርቅ ሁለቱን ጃንጥላ ይዘን ሄድን። የእሷ ስለት ሲነገር ሰው ሁሉ ዞሮ እኔን አየ። ጥቁሬን እንደለበስሁ፣ ከሁሉም ቀድሜ እልል አልሁ። ያንተንም አስገባሁት። የለመንሁት አልሆነልኝም፤ ብቻዬን ግን አልተውኸኝም ብዬ ለሚካኤል ሰጠሁት። ታቦቱ ሲወጣ ዝናብ ጣለ፤ ያ ስትስቅብኝ የነበረው ጃንጥላ ካህኑ እጅ ላይ ተዘረጋ። ካንተ ወዲህ ደስ ሲለኝ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው።

ቅናቱ ጨርሶ ለቀቀኝ ብዬ አልዋሽህም። ትናንት ጥሩወርቅ ባሏን ስትጨቀጭቅ ሰምቼ፣ የሚጨቀጭቁት ባልም መታደል ነው ብዬ ቀናሁ። እግዚኦ ስል ግን አሁን አፌ አይከብደኝም።

ነገ የዳጉሳው ማሳ ይታረሳል። ምሳውን የማደርሰው እኔ ነኝ፤ ጥሩወርቅን ተከራክሬ አሸንፌያታለሁ። ዳኘው ቦራን ሲጣራ እንግዲህ ጆሮዬን አልደፍንም። እሱ በሬውን በጠራ ቁጥር፣ እኔ አንተን በሆዴ እጠራሃለሁ።

ችኩሏ ሚስትህ